ባሕር ዳር ላይ ሪዞርት ስትመርጡ ከክፍሉ በፊት ዳርቻውን ጠይቁ

ላስ ቬጋስ ወይም ደቡብ አፍሪካ ሰን ሲቲ ያለ የካዚኖ ሪዞርት የሚሠራው እንግዳው ከግቢ እንዳይወጣ ታስቦ ነው። መኝታው፣ ምግቡ፣ ሙዚቃው፣ የቁማር አዳራሹ ሁሉም እዚያው ስለሆነ መራጩ የሚያወዳድረው ውስጡን ነው። ጣና ዳር ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሰው ባሕር ዳር የሚመጣው ለሐይቁ ነው። የአልጋውን ስፋትና የሎቢውን ጌጥ ብቻ አይቶ ቀብድ የሚልክ ሰው ሦስት ቀን ሙሉ ሐይቁን ከመንገድ ማዶ እያየ ሊመለስ ይችላል።

"ሐይቅ ዳር" የሚለው ቃል ብዙ ነገር ይሸፍናል። አንዳንዱ ግቢ ሣሩ ውሃው ጫፍ ድረስ ይወርዳል። አንዳንዱ ከሐይቁ ጋር በአስፋልት ተለያይቷል። ሐይቁ ከላይኛው ፎቅ ብቻ የሚታይበትም አለ። ስትደውሉ "ሐይቁ ይታያል?" ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ አዎ ነው፤ ብዙም አይጠቅማችሁም። ይልቅ "መንገድ ሳላቋርጥ በእግሬ ውሃው ድረስ እደርሳለሁ? የራሳችሁ የጀልባ መሳፈሪያ አላችሁ? የክፍሉ መስኮት የሚከፈተው በየት በኩል ነው?" በሉ። በአብዛኛው የከተማዋ ዳርቻ ውሃው በስተ ሰሜን ነው። ስለዚህ ክፍሉ "ሌክ ቪው" ተብሎ መስኮቱ ወደ ደቡብ ከሆነ የምታዩት ከተማውን ነው። ጀንበር ስትጠልቅ ውሃው ላይ ማየት የሚፈልግ ወደ ምዕራብ የዞረ በረንዳ ይጠይቅ። ምድር ቤት ደግሞ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ዳርቻው ላይ የበቀለ ደንገል ከሰው ቁመት ስለሚበልጥ ውሃውን ይጋርዳል። አንድ ፎቅ ከፍ ማለት ብቻውን እይታውን ይለውጠዋል።

በፎቶ አትወስኑ። የጣና ውሃ ከወቅት ወቅት ከፍና ዝቅ ይላል፤ ክረምቱ ሲወጣ፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ ይሞላል፣ ከዚያ እየቀነሰ ሄዶ ግንቦት መጨረሻና ሰኔ መግቢያ ላይ ዝቅተኛው ነጥብ ላይ ይደርሳል። ማስታወቂያው ላይ ያለው ውሃ የግቢውን ድንጋይ የሚልስበት ፎቶ የጥቅምት ሊሆን ይችላል። በግንቦት እዚያው ቦታ ብትቆሙ ከእግራችሁ ሥር የምታገኙት ጭቃና የደረቀ ደንገል ነው። ጥፋት አይደለም፣ የሐይቁ ጠባይ ነው፤ ነገር ግን አውቆ መሄድ ይሻላል። ሪሴፕሽኑ ከክፍሉ በረንዳ ላይ ሆኖ ዛሬ የተቀረጸ አጭር ቪዲዮ በቴሌግራም እንዲልክላችሁ ጠይቁ።

ቀጥሎ ዋጋው ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ ይደናገጣል። በስልክ የሚነገረው ዋጋ ብዙ ጊዜ "ፕላስ ፕላስ" ነው፤ 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅና 15 በመቶ ቫት ገና አልተጨመረበትም። ለምሳሌ 6,000 ብር ከተባላችሁ ሰርቪሱ 600 ብር ነው። ቫቱ የሚሰላው በ6,600 ላይ ስለሆነ 990 ብር ይሆናል። የአንድ ሌሊት እውነተኛ ዋጋ 7,590 ብር ነው ማለት ነው። ለሦስት ሌሊት 18,000 ያላችሁት 22,770 ሆነ። 10ና 15 ደምሮ 25 በመቶ ብቻ የጨመረም ተሳስቷል፤ ትክክለኛው 26.5 በመቶ ነው። ስለዚህ "ሁሉም ተጨምሮ የመጨረሻው ስንት ነው? ሌላ ክፍያስ አለ?" ብላችሁ መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። ቁርስ ለስንት ሰው እንደሚታሰብም እዚያው ይጠየቅ፤ ሁለት ሰው ብሎ ልጆቹንና ተጨማሪ አልጋውን ለብቻ የሚያስከፍል አለ። ከውጭ የመጣ ዘመድ አብሯችሁ ካለ ዋጋው ለእሱም ያው መሆኑን፣ በብር ይሁን በዶላር፣ ቀድማችሁ አረጋግጡ። ቀብድ ስትልኩ ደግሞ ለሆቴሉ የድርጅት ሒሳብ እንጂ ለግለሰብ አይሁን።

ቀን ሲመረጥ ካላንደሩ ላይ ጾምና ሠርግ አብረው ይታዩ። ከጥምቀት በኋላ ዐቢይ ጾም እስኪገባ፣ ከፋሲካም በኋላ፣ ሐይቅ ዳር ያለ ሰፊ የአትክልት ግቢ ሁሉ የሠርግ ቦታ ነው። ቅዳሜና እሑድ ድንኳኑ ይተከላል፣ ሞንታርቦው ይቆማል፤ ለሙሽሮቹ ደስታ ነው፣ ሕፃን ይዞ ዕረፍት ለወጣ ግን ከባድ ሌሊት ነው። "በዚያ ቅዳሜ ግቢው ለሠርግ ተይዟል?" ብሎ መጠየቅ በቂ ነው። ተይዞ ከሆነ ከድንኳኑ ራቅ ያለ ክፍል ጠይቁ ወይም ወደ ማክሰኞ አዙሩት። ለከተራና ለጥምቀት ክፍል ቶሎ ያልቃል። ዐቢይ ጾም ውስጥ ሠርግ ስለሌለ ግቢው ጸጥ ይላል፤ ዋጋ ለመደራደርም የተሻለው ጊዜ ያኔ ነው።

ስለ ዋና በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። ሐይቁ ውስጥ ዳር ዳሩን አትዋኙ፤ ልጆችም እግራቸውን ነክረው አይጫወቱ። ጥልቀት በሌለው ሣር የበዛበት ውሃ ውስጥ ያለው ቀንድ አውጣ የቢልሃርዚያ ተሸካሚ ነው፤ ትሉ ቆዳ በስቶ ስለሚገባ ውሃውን አለመጠጣት ብቻ አያድንም። አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ደግሞ ጉማሬ አለ። ስለዚህ መዋኘት ለሚወድ ቤተሰብ የሪዞርቱ ፑል ቅንጦት አይደለም። ገንዳው ጋ ስትደርሱ ዳር ቆማችሁ በጥልቁ በኩል ወለሉ ላይ ያለውን የውሃ መውረጃ ወንፊት ፈልጉ። ጥርት ብሎ ካልታየ ውሃው ደፍርሷል፣ የሰመጠ ልጅም አይታይም ማለት ነው፤ ማንም አይግባ። ዓይን የሚያቃጥል የክሎሪን ሽታም የንጽሕና ምልክት አይደለም። ክሎሪኑ ከላብና ከሽንት ጋር ሲዋሃድ የሚፈጠር ነው።

ወባም አለ፤ በተለይ ከመስከረም እስከ ኅዳር። አልጋው አጎበር፣ መስኮቱ ያልተቀደደ ወንፊት ይኑረው። መጋረጃውን ገልጣችሁ የወንፊቱን ጥግ በጣታችሁ ፈትሹ፤ የሚለቀው እዚያ ነው።

የሐይቁን ገዳማት ለማየት ጀልባውን ሆቴሉ ያዘጋጅላችሁ ወይም እናንተው ተነጋገሩ፣ መነሻው ጠዋት ይሁን፤ 2 ሰዓት ጥሩ ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣና ማዕበሉ ትንሿን ጀልባ ያንገላታል። ዘጌ በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን አይቶ፣ በቡናው ጫካ ውስጥ ተራምዶ ለምሳ መመለስ ይቻላል። ዳጋ እስጢፋኖስ ግን ሙሉ ቀን ይወስዳል። ዳጋም ሌላው የደሴት ገዳም ክብራን ገብርኤልም ሴቶች አይገቡም፤ ቤተሰብ ይዞ የሚሄድ ይህን ጀልባው ላይ ሆኖ መስማት የለበትም። የጀልባው ዋጋ፣ የገዳሙ መግቢያና የአስጎብኚው ክፍያ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ላይፍ ጃኬት በሰው ቁጥር መኖሩን፣ የልጅ ልክም መኖሩን ሳትሳፈሩ ቁጠሩ።

ጢስ አባይን ፏፏቴ በሙላቱ ለማየት መስከረምና ጥቅምት ይሻላል። በበጋ ብዙው ውሃ ወደ ኃይል ማመንጫው ስለሚዞር ገደሉ ባዶ ሊመስል ይችላል።

መብራትና ውሃ፦ ጀነሬተሩ ክፍሎቹን ነው የሚያበራው ወይስ ሎቢውን ብቻ? ሮቶ አለ? ቦይለሩ በየክፍሉ ነው? ምግብ ላይ ብዙ አልልም፤ ዓሣው ያንኑ ቀን የተያዘ ቆሮሶ ከሆነ ጥብሱን እዘዙ።

ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው። በመኪና ለመሄድ ያሰበ የመንገዱንና የከተማውን ወቅታዊ ሁኔታ፣ የሰዓት እላፊም ካለ፣ ከመነሣቱ በፊት ከሆቴሉም ከተማው ውስጥ ካለ ሰውም ይጠይቅ፤ ቀብዱ ቢሰረዝ ይመለስ እንደሆነም ያን ጊዜ ይጻፍ። የትኬቱ ሰዓት በፈረንጅ፣ የሪሴፕሽኑ በሐበሻ አቆጣጠር ስለሆነ "በ12 ክፍል ልቀቁ" ስትባሉ እኩለ ቀን ይሁን ማታ አስደግማችሁ ስሙ።