ኦቨኑ ከታች አልሞቅ አለ

ዛሬ ለእማዬ ብዬ ድፎ ጋግሬ ነበር። ሊጡ ደህና ኩፍ ብሏል፣ ጥቁር አዝሙዱ ገብቶበታል፣ ኮባውም ተነጥፏል። ከኦቨን ሳወጣው ከላይ ቀላ ብሎ ያምራል። ስቆርሰው ግን ታቹ ሊጥ ነው! ከልቤ አዘንኩ። ስንት ዱቄት፣ ስንት ድካም።

የሰፈራችን ኤሌክትሪሺያን መጥቶ ፈትቶ አየው። የታችኛው ሬዚስታንስ፣ ማለትም በመብራት ግሎ ሙቀት የሚሰጠው ክፍል፣ ተቃጥሏል። የላይኛው ብቻውን ሲሠራ ቅርፊቱ ቶሎ ይጠቁራል፣ ታቹ ግን ጥሬውን ይቀራል። ለድፎ ደግሞ ዋናው የታች ሙቀት ነው። ድሮም ከሥርም ከላይም እሳት የሚደረግበት ለዚህ ነው።

ሌላም ነገር ነገረኝ፣ ብዙዎቻችን የማናስበው። መብራት ሲደክም ኦቨንም ይደክማል። ኃይሉ ከ220 ቮልት ወደ 180 ከወረደ፣ ሬዚስታንሱ የሚሰጠው ሙቀት ከወትሮው ሁለት ሦስተኛ ገደማ ብቻ ይሆናል። ማታ ማታ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲሰካ አምፖሉ ደብዘዝ ይል የለ? ያኔ ዳቦ ባይገባ ይሻላል።

ድፎውን ቆራርጬ ምጣድ ላይ እያገላበጥኩ አበሰልኩት። እማዬ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ፣ በሻይ በላችልኝ።

ነገ መርካቶ ሬዚስታንስ ፍለጋ ልወርድ ነው። ኦቨኑ እንዲህ ሆኖበት ያሠራ ካለ፣ ጥሩውን ከየት እንዳገኘ ይጻፍልኝ።