ኪስ ያልገባች ሳንቲም

ዛሬ ከቀትር በኋላ ጀምሮ ሆዴ ባር ባር ሲለው ዋለ። ምክንያቱ ለሌላ ሰው ላይገባው ይችላል፤ እናንተ ግን ታውቁኛላችሁ፤ አሮጌ ሳንቲም ሰብሳቢ ነኝ። ሱቅ ውስጥ መልስ የምትሰጠኝ ልጅ ሦስቱን ሳንቲም አምስት አድርጋ ሰጠችኝና «ፔኒ ጨርሰናል፤ ከእንግዲህም አይመጣልንም» አለችኝ። እውነቷን ነው። በአሜሪካ የፊላዴልፊያው የሳንቲም ማምረቻ ለመገበያያ የሚሆኑትን የመጨረሻዎቹን ፔኒዎች፣ ማለትም ባለ አንድ ሳንቲሞቹን፣ ኖቬምበር 12 ቀን 2025 መትቶ አቁሟል (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። አንዷን ለመሥራት ከሦስት ሳንቲም ተኩል በላይ ይወጣ ስለነበር በሒሳቡ የሚከራከር የለም። እኔም አልከራከርም። ነገር ግን ከ1793 ጀምሮ ሲመታ የኖረ ነገር ሲቆም ዝም ብሎ ማለፍ አልሆነልኝም።

ማታ ሳጥኔን ከፍቼ ያቺን የ1877ቷን አወጣኋት። በ1873 የጀመረው የኢኮኖሚ ድቀት ገና ባልለቀቀበት ጊዜ የተመታች ናት። በዚያ ዓመት የወጡት 852,500 ብቻ ናቸው፤ ለፔኒ ይህ እጅግ ጥቂት ነው። በላይዋ የተቀረጸችው፣ የላባ አክሊል የደፋችው ሴት በግንባሯ ጥብጣብ ላይ «ሊበርቲ» (ነፃነት) የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አላት፤ ሰብሳቢዎች የሳንቲሟን ደረጃ ሲገምቱ ቀድመው የሚያዩት እነዚያን ሰባት ፊደሎች ነው። ሁሉም ጥርት ብለው ከታዩ አንድ ዋጋ፣ ሁለት ሦስቱ ብቻ ከቀሩ ሌላ ዋጋ። የእኔዋ ላይ አንዱም አይነበብም። ላባዎቹም አንድ ላይ ተዋህደዋል። ዓመቱ ግን አለ፤ ጣቴን ሳሳልፍበት ይሰማኛል።

እንዴት እንዲህ አለቀች? መዳብ በራሱ አያልቅም፤ የሚጨርሰው እጅ ነው፤ ኪስ ነው፤ የመደርደሪያ ጠርዝ ነው። የአሜሪካ ፖስታ ቤት ከ1873 ጀምሮ የፖስታ ካርድ የሚሸጠው በአንዲት ፔኒ ነበር። እንግዲህ አንድ ከአገሩ የወጣ ሰው በዚህችው ሳንቲም ካርድ ገዝቶ «ደህና ነኝ፣ አታስቡ» ብሎ ለቤቱ ጽፎ ይሆናል። ማረጋገጫ የለኝም። ነገር ግን ይህን ያህል እስክታልቅ ድረስ ከሰው ወደ ሰው የተላለፈች ሳንቲም እንዲህ ያለ ነገር ሳያጋጥማት ቀረ ብዬ ማመን ያቅተኛል።

ገበያው ደግሞ የሚወደው ሌላዋን ነው፤ ያልተነካችዋን። የሳንቲም ደረጃ ከ1 እስከ 70 በሚደርስ ቁጥር ይሰጣል፤ ላይኞቹ ቁጥሮች ለግብይት ውለው የማያውቁ ሳንቲሞች ናቸው። ለመዳብ ደግሞ ቀለሙም ይቆጠራል። ገና ከማሽን ስትወጣ ቀይ ናት፤ አየርና የሰው ላብ ሲነካት ወደ ቡናማ ትሄዳለች። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይታ ቀይ ሆና ከተገኘች ዋጋዋ ሌላ ነው። በማጽጃ ፈትጎ ቀይ ማድረግ ደግሞ ዋጋዋን ያጠፋዋል፤ ሰብሳቢ ዓይን ወዲያው ያውቃታል። እንግዲህ ለተሠራችበት ጉዳይ አንድ ቀን እንኳ ያልዋለችው፣ ዳቦ ያልገዛችው፣ ካርድ ያልላከችው ናት ከሁሉ የከበረችው። ይህ ነገር ለዓመታት ሳውቀው የኖርኩት ነው፤ ዛሬ ግን አላስተኛኝ አለ።

የባሰው፣ ሻጩ እስከ ቅዳሜ የያዘልኝ የ1909 ሳንቲም ቀይ ነው። በፕሬዚዳንት ሊንከን መቶኛ ዓመት ልደት የወጣው፣ በሳን ፍራንሲስኮ የተመታው፣ ከበስተጀርባው ሁለት የስንዴ ዛላ፣ ከታች ደግሞ ሦስት ጥቃቅን ፊደሎች ያሉት። ፊደሎቹ የቀራጩ የቪክቶር ዴቪድ ብሬነር ስም መነሻዎች ናቸው። ከሊትዌኒያ የመጣ ስደተኛ ነበር። ፊደሎቹ ጎልተዋል የሚል ጩኸት ተነሣና በቀናት ውስጥ እንዲወጡ ተደረገ። ፊላዴልፊያ እስከዚያ ወደ 28 ሚሊዮን የሚሆኑ መትታ ነበር፤ ሳን ፍራንሲስኮ ግን 484,000 ብቻ። በ1918 ፊደሎቹ ተመለሱ፤ በሊንከን ትከሻ ሥር፣ በአጉሊ መነጽር ካልሆነ በማይታዩበት ቦታ። በመኪና ማቆሚያው ዳስ ተቀምጬ ገንዘብ ስቀበል ባለ ስንዴ ዛላዋን ፔኒ መጀመሪያ ካገኘሁ ጊዜ ጀምሮ ይህችን ስመኝ ኖሬያለሁ። በስደት አገር በሠራው ሥራ ላይ ስሙን ያኖረ ሰው ስሙ ሲፋቅበት ምን እንደተሰማው ማሰብ ለእኔ ሩቅ አይደለም።

ግን ይህችን ቀይ ሳንቲም ማን አስቀመጣት? በ1862፣ በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ፣ ሰዎች ሳንቲምን የደበቁት በፍርሃት ነበር። ዝርዝር ከገበያ ጠፍቶ የፖስታ ቴምብር በመልስ ፋንታ ይሰጥ ነበር። «በእግዚአብሔር እንታመናለን» የሚለው ጽሑፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣባት ባለ ሁለት ሳንቲሟም የተመታችው በዚያው ጦርነት መካከል፣ በ1864 ነው። ከዚያ በፊት በ1857 ግማሽ ሳንቲሟና ትልቋ የመዳብ ሳንቲም ሲቆሙ ደግሞ ብዙ ሰው በናፍቆት መሰብሰብ ጀመረ። ከእነዚያ ሁሉ ቀድሞ የፊላዴልፊያው የሙዚቃ መሣሪያ ሠሪ ጆሴፍ ሚክሊ የተወለደበትን የ1799 ሳንቲም ሲፈልግ ሰብሳቢ ሆኖ ቀረ። ከትልልቆቹ ሳንቲሞች ለማግኘት ከሚያስቸግሩት አንዷ ያችው ናት። በ1867 ሌባ ገብቶ ከስብስቡ ብዙውን ወሰደበት። ሰውየውን ባሰብኩ ቁጥር አንጀቴን ይበላኛል።

በሳጥኔ ጥግ አንዲት የእኛ 25 ሳንቲም አለች፤ የንጉሡ ምስል ያለባት፣ ጠርዟ የሞገድ ቅርጽ ያለው። ከአሜሪካዎቹ ጋር ያስቀመጥኳት በስሕተት አይደለም፤ በእኛ አቆጣጠር 1936 የሚል ዓመት ያለባቸው የመዳብ ሳንቲሞቻችን መመታት የጀመሩት እዚያው ፊላዴልፊያ ነው። መጀመሪያ ክብ ነበረች፤ ከብር ከተሠራችው ሃምሳ ሳንቲም ጋር እንዳትምታታ ነው ጠርዟ የተለወጠው። አሜሪካኖችም በ1883 ተመሳሳይ ነገር ገጥሟቸዋል። አዲሷ ባለ አምስት ሳንቲም ኒኬል ላይ የሮማ አምስት ቁጥር ብቻ ስለነበረ፣ አታላዮች በወርቅ ቀብተው የአምስት ዶላር ወርቅ ናት እያሉ አሳለፏት፤ በዚያው ዓመት «ሳንቲም» የሚለው ቃል ተጨመረባት። ሁለቱም የተለወጡት ሰው ስለተጠቀመባቸው ነው። በጓዳ ተቀምጠው ቢሆን ኖሮ ማንም አያታልልባቸውም፣ ማንም አያርማቸውም ነበር።

ይህን ሁሉ ብዬ ግን አንድ ነገር መካድ አልችልም። ያልተነካችዋ ባትኖር የ1877ቷ ሴት ጥብጣቧ ላይ ምን ተጽፎ እንደነበረ በምን አውቅ ነበር? የእኔዋ አትነግረኝም። ያለቀችው የሰዎቹን ኑሮ ትነግረኛለች፤ የቀራጩን እጅ የምታሳየኝ ግን ያቺ ሥራ ፈትታ የኖረችው ናት። ከሁለቱ የትኛዋ ለመጪው ሰው ታስፈልገዋለች?

እንደ ልጃቸው የሚያዩኝ ጋሼ ዓርብ ማታ መደወላቸው አይቀርም። «ልጄ፣ ልትገዣት ነው?» ይሉኛል። ገንዘቡ አለኝ። ከገዛኋት በታሸገው ፕላስቲክ ውስጥ ትቀመጣለች፤ እኔም ሳልነካት እኖራለሁ፤ ከእኔ በኋላ የሚገዛትም እንዲሁ። ታዲያ የእኔ ነች ማለት የምችለው በምን ይሆን?