ድምፁን አጥፍቼ ያየሁት ካራቴ

ልጆች ሆነን ሰፈራችን ያለው ቪዲዮ ቤት የሚያሳየው ፍልሚያ ሁሉ ለእኛ «ካራቴ» ነበር። ብሩስ ሊ ካራቴ ነው። የሻኦሊን መነኮሳት ካራቴ ናቸው። አክተሩ ዘሎ ካልቾ ያሳርፋል፣ ቦሱ ይዘረራል፣ አግዳሚው ላይ ተጠጋግተን የተቀመጥን ልጆች ጣሪያው እስኪነቀል እንጮሃለን። ስንወጣ መንገዱ ሁሉ ልምምድ ነው።

ያ ሁሉ አብዛኛው የሆንግ ኮንግ ኩንግ ፉ መሆኑን ያወቅሁት በ31 ዓመቴ ካራቴ መማር ስጀምር ነው። ካራቴ የኦኪናዋ ልጅ ነው። እርግጥ ከቻይና ብዙ ወርሷል። ስሙም ድሮ «የቻይና እጅ» ተብሎ ይጻፍ ነበር፤ «ባዶ እጅ» የሆነው በኋላ ነው። በዋናው ጃፓን የተስፋፋው ደግሞ የኦኪናዋው መምህር ጊቺን ፉናኮሺ በ1922 እ.ኤ.አ. ቶኪዮ ሄደው ካሳዩት ወዲህ ነው።

ፊልሞቹን አልነቅፍም። ወደ አዳራሹ የወሰዱኝ እነሱ ናቸው። መጀመሪያ ግን ጎድተውኛል። ገና ሳልመዘገብ ግቢያችን ውስጥ ከፊልም ያየሁትን ዙሪያ ካልቾ ስሞክር ጉልበቴ ዞረብኝ። ሦስት ሳምንት አነከስኩ። ምክንያቱን በኋላ ተማርኩት። ካልቾው ሲዞር መሬት ላይ ያለው እግርም አብሮ መዞር አለበት፤ አለዚያ ጫናው ሁሉ ጉልበት ላይ ያርፋል። ካሜራው የሚያሳየው ግን አየር ላይ ያለውን እግር ነው።

ሴንሴያችን (መምህራችን ማለት ነው) የመጀመሪያውን ወር ካልቾ አላስነኩንም። መቆም፣ እጅ መንሳት፣ መተንፈስ ብቻ። ከዚያ ሄያን ሾዳን የምትባለውን ካታ ጀመርን። ካታ ብቻህን ሆነህ፣ ከማይታይ ባላጋራ ጋር፣ ቅደም ተከተሉን ሳታዛንፍ የምትሠራው እንቅስቃሴ ነው። ይህቺኛዋ 21 እንቅስቃሴ አላት። በሳምንት ሦስት ጠዋት እየሠራሁ ስምንት ወር ፈጀችብኝ።

አንድ ቀን ካታዋን ጨርሼ ስቆም «ከግራህ ማን መጣ?» አሉኝ። ዝም አልኩ። ስለ እጄና ስለ እግሬ እያሰብኩ ማንንም አላየሁም ነበር።

«ማንም ካልመጣ ምን አዞረህ? ድገም።»

ያን ሰሞን ሌላም ነገር አሳዩኝ። ካራቴ ላይ አንዱ እጅ ለቡጢ ሲወጣ ሌላው ወደ ወገብ ይሳባል። እኔ ለማማር ይመስለኝ ነበር። ፎጣ አመጡና አንዱን ጫፍ ያዙ፣ ሌላውን ለእኔ ሰጡኝ። «እየሳብክ ምታ» አሉኝ። ስስበው ሰውነታቸው አብሮ ወደ ቡጢዬ መጣ። ደረታቸው ጋ ስደርስ ግማሹን መንገድ የመጡት እሳቸው ነበሩ። ለካ ያ ወደ ወገብ የሚመለስ እጅ ባዶ አይደለም፤ የሰው እጅጌ ይዟል።

ፊልሞቹን እንደ አዲስ ማየት የጀመርኩት ያኔ ነው። ድምፁን አጠፋለሁ። «ጧ» የሚለው የቡጢ ድምፅ በኋላ የተጨመረ ስለሆነ፣ እሱ ሲጠፋ ብዙው ምት ክብደት ያጣል። መጀመሪያ እግር ብቻ አያለሁ። ቀጥሎ ዳሌ። እጅን መጨረሻ ላይ። ምስሉ በየሰከንዱ የሚቆራረጥ ከሆነ የሚደበቅ ነገር አለ ብዬ እጠረጥራለሁ።

በዚህ ዓይን መጀመሪያ ያየሁት በ1984 እ.ኤ.አ. የወጣውን «ካራቴ ኪድ» የተባለ ፊልም ነው። ካራቴ የሚያውቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚከራከረው በመጨረሻዋ የሽመላ ካልቾ ነው። ለፊልሙ የተፈጠረች ናት። በአንድ እግር መቆም ግን ካራቴ ውስጥ አለ። ጋንካኩ የምትባለው ካታ ስሟ ራሱ ዓለት ላይ የቆመች ሽመላ ማለት ነው። ለእኔ የፊልሙ ልብ ሌላ ቦታ ነው፤ ሽማግሌው መምህር ልጁን የሚያስሠሩት አጥር መቀባትና መኪና መወልወል ላይ። ልጁ «ጉልበቴን በዘበዙኝ» ብሎ ሲቆጣ ሽማግሌው ድንገት ይሰነዝሩበታል። ክንዱ ሳያስበው ይመክታል። የእኔን ስምንት ወር እዚያች ትዕይንት ውስጥ አገኘሁት። ፊልሙ በጥቂት ቀናት ጨረሰው እንጂ ነገሩ እውነት ነው።

የሽማግሌው ስም ሚያጊ የተወሰደው ጎጁ ርዩ የሚባለውን የካራቴ ስልት ከመሠረቱት ከቾጁን ሚያጊ ነው። ተዋናዩ ፓት ሞሪታ ካራቴ ስላልተማሩ፣ ከባዱን ፍልሚያ የሠሩላቸው ፉሚዮ ዴሙራ የሚባሉ እውነተኛ መምህር ናቸው።

ከሁሉ የምወደው ግን በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣውን የጃፓኖቹን «ኩሮ ኦቢ» ነው። ጥቁር ቀበቶ ማለት ነው። ዋናዎቹን ገጸ ባሕርያት የሚጫወቱት ካራቴ የሚያስተምሩ ሰዎች ናቸው። ታትሱያ ናካ ሾቶካን የሚባለው ስልት፣ አኪሂቶ ያጊ የጎጁ ርዩ። የያጊ አያት ደግሞ የእነዚያው የቾጁን ሚያጊ ተማሪ ነበሩ! ታሪኩ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ይሆናል። መምህሩ «እንዳታጠቁ» የሚል ትእዛዝ ለተማሪዎቻቸው ትተው ይሞታሉ። አንዱ ቃሉን ይጠብቃል፣ አንዱ ያፈርሳል።

ይህን ፊልም ድምፁን አጥፍቼም ምንም አልጎደለብኝም። ምቱ አጭር ነው። ከምቱ በፊት ያለው ዝምታ ረጅም ነው። ፉናኮሺ «ካራቴ ውስጥ ቀድሞ መምታት የለም» ብለው የጻፉት፣ አምስቱም የሄያን ካታዎች በመከላከል የሚጀምሩት፣ እዚያ ዝምታ ውስጥ ገባኝ። የሴንሴያችን «ማን መጣ?»ም እንደዚያው። እጅህን ከማንሳትህ በፊት ሰውየውን ማየት አለብህ።

ባለፈው ቅዳሜ ከ12 ዓመት የእህቴ ልጅ ጋር ደግሜ አየሁት። ያጊ ሲሰነዘርበት ዝም ብሎ ሲቆም ልጁ ተቁነጠነጠ።

«አጎቴ፣ አክተሩ ለምንድነው የማይመታው?»

ፊልሙን አቆምኩት። ጠረጴዛውን ወደ ግድግዳ ገፋሁና «ና፣ በደንብ አድርገህ ሆዴን ምታኝ» አልኩት። ሰነዘረ። ክንዱን ወደ ታች መለስኩለትና ሹራቡን ይዤ ወደ ወገቤ ሳብኩት። እየተንገዳገደ መጥቶ ደረቴ ላይ አረፈ። አልመታሁትም።

ትንሽ ቆየና የራሱን እጅጌ አየ። ከዚያ ተመልሶ ቦታው ላይ ቆመ።

«አሁን አንተ ሰንዝር» አለኝ።