«ባሕር ማዶ ሄዶ ከሰል ይቆጠራል?»

አንድ ልጅ እስራኤል ውስጥ የጥንት ዕፅዋት ላቦራቶሪ ገባ ሲባል የሀገር ቤት ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንን ነው። አዎ፣ ይቆጠራል፤ የሚያኮራም ሥራ ነው። በሰሜን እስራኤል ያለው የካርሜልና የሜሮን ተራራ ባሉጥ (ኦክ የሚባለው ዛፍ)፣ ያ ቅጠለ እሾሃሙ ክረምት ከበጋ የማይረግፈው፣ ታሪኩ ያለው በኪኔሬት (የገሊላ ባሕር) ሐይቅና በሁላ ረግረግ ጭቃ ውስጥ በቀረ የአበባ ብናኝና በጥንት ምድጃዎች ከሰል ላይ ነው። ባሉጥ በማይበቅልበት በእኛም ሀገር የወሎዎቹ ሐይቅና ሐርዲቦ ጭቃ የደን ምንጠራን ታሪክ ተናግሯል።

አዲስ ገቢን አንገት የሚያስደፋው «ባሉጥ» ብሎ ብቻ መዝግቦ ማስረከብ ነው። ይመለስበታል። ቅጠሉን የሚያረግፈው የታቦር ባሉጥም እዚያው አለና ሁለቱ ካልተለዩ ቆጠራው ከንቱ ነው። በብናኝ ልዩነቱ ጥቂት ነው፦ በማይክሮስኮፕ ዘይት ጠብ አድርጎ በ1000 እጥፍ ሲታይ የማይረግፈው ገጹ ደቀቅ ያለ፣ የሚረግፈው ሸካራ ነው። ከሰሉ ይሻላል። በእጅ ሰብሮ አዲሱን ስብራት ማየት ነው፤ የሚረግፈው በየዓመቱ ቀለበት መነሻ ላይ ትልልቅ ቀዳዳዎች ደርድሮ ወዲያው ያሳንሳቸዋል፤ የማይረግፈው ግን ከመሃል ወደ ቅርፊት ያሰልፋቸዋል። ቀጭን ቅርንጫፍ ያሳስታል፤ ያኔ «ያልተለየ» ብሎ መጻፍ ነው።

ብናኝ በነፋስ ስለሚመጣ የሩቁንም ደን ይናገራል፤ ከሰል ሰው ለማገዶ የመረጠውን ብቻ። ለዕድሜ ልኬት ጭራሮ ወይም የፍሬ ልጣጭ ይላክ፤ የአሮጌ ግንድ እምብርት ከእሳቱ በመቶዎች ዓመታት ሊቀድም ይችላል።

ለመምጣት የምታስቡ፦ በመጋቢትና በሚያዝያ ባሉጥ ሲያብብ የላቦራቶሪው መስኮት ይዘጋ፤ ከናሙናዎቹ ጋር ባዶ ቱቦም አብሮ ይሠራ፤ የዘንድሮ ብናኝ ገብቶ እንደሆነ የሚያጋልጠው እሱ ነው። ከሁሉ በላይ በጭቃው ውስጥ ከብናኙ ጋር ያለውን አሸዋ የሚያሟሟውን ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ፍሩት። ቆዳ ሲነካ ሕመሙ ሰዓታት ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል፤ እስከዚያ ሥጋ ውስጥ ይዘልቃል። እዚህ ሰው ሁሉ ይቸኩላል፣ ይጮኻል፤ እኛ ደግሞ ይሉኝታ ይዞን ዝም እንላለን። የዚህ አሲድ ማርከሻ የሆነው የካልሲየም ግሉኮኔት ቅባት አጠገባችሁ ከሌለ፣ ጊዜያዊ ሠራተኛም ብትሆኑ፣ ጠርሙሱን አንከፍትም በሉ።