ይማርህ

መስከረም 2013 ዓ.ም. ባለ 200 ብር ለመጀመሪያ ጊዜ ወጥቶ አሮጌዎቹ ባለ 10፣ ባለ 50 እና ባለ 100 ብሮች በአዲስ ሲቀየሩ፣ እኔ በአንድ የባንክ ቅርንጫፍ ገንዘብ ከፋይ ነበርኩ። ጊዜው የኮሮና ስለነበረ ሰልፈኛው «ሁለት የአዋቂ እርምጃ» እንዲራራቅ በየዕለቱ ይለመናል፤ ጥበቃው ወለሉ ላይ ያሰመረውን መስመር ግን ከራሱ ከጥበቃው በቀር የሚያየው አልነበረም።

አንድ ረፋድ ላይ አንዲት እናት በነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን 7,400 ብር ፈትተው በመስኮቱ አቀበሉኝ። ብሩ በበርበሬ ጣሳ ውስጥ ከርሞ ኖሮ፣ መቁጠሪያ ማሽኑ ዱቄቱን ወደ ፊቴ አራገበውና ማስኬን ዘልቆ አስነጠሰኝ። ወራት ሙሉ በልመናም በቁጣም ያልተራራቀው ሰልፍ በአንድ ማስነጠስ እስከ በሩ አፈገፈገ። እሳቸው ብቻ ከቆሙበት ሳይነቃነቁ «ይማርህ ልጄ» አሉኝ።

«ያኑርዎት እማማ» ብዬ ወደ ሥራዬ ስመለስ ማሽኑ አሮጌውን ብር አልውጥ ብሎ ስለቆመ በእጄ መቁጠር ጀመርኩ። ሠላሳ ላይ ስደርስ አስነጠሰኝ፤ «ይማርህ» አሉ፤ «ያኑርዎት» አልኩ፤ ቁጥሩ ጠፋ። ዝም እንዳልል ነውር ነው፤ ከመለስኩ ደግሞ ቆጠራው ከአንድ ይጀመራል። ለሦስተኛ ጊዜ ስጀምር ወደ መስኮቱ ጠጋ ብለው «ሰባት ሺህ አራት መቶ ነው ልጄ፤ እኔ ስቆጥረው አላስነጠሰኝም» ሲሉኝ በሩ ላይ የተከማቸው ሰው ሁሉ ሳቀ። ባለ 200 ስሰጣቸው «ይህንን ማን ይዘረዝርልኛል?» ብለው ስለመለሱት 74 ቅጠል ባለ መቶ ቆጥሬ ሸኘኋቸው።

ማታ ሒሳብ ስዘጋ 100 ብር ጎደለኝ። አለቃዬ «ከደንበኛ ጋር የሚሳሳቅ ከፋይ መጨረሻው ይኸው ነው» ብለው ከኪሴ አስከፈሉኝ። እኔም፣ ዛሬም ሳስበው ያሳፍረኛል፣ ከሰው ሁሉ አስቀድሜ የጠረጠርኩት እማማን ነበር።

ጥበቃው የሰፈራቸው ልጅ ነበርና ወሬውን አድርሷቸው ኖሮ በማግስቱ ጠዋት ሰልፉን አልፈው መጡ። «እኔ ዘንድ የለም፤ እኔም ቆጠርኩት፣ ጎረቤቴም ቆጠረችው። ያሳተህ ግን የእኔ በርበሬ ነው» አሉና በፌስታል የተቋጠረ ግማሽ ኪሎ ያህል በርበሬ በመስኮቱ አስገቡልኝ። ጠርጥሬዎት ነበር ለማለት አፌ አልታዘዘኝም።

የጎደለው ብር እስከ ዛሬ አልተገኘም። በዚያች ዕለት ጠዋት ከካዝና ከተረከብኳቸው እሽጎች አንዱን፣ የአለቃዬ ፊርማ ስላለበትና ሰልፉም ስለረዘመ፣ ሳልቆጥር የፈታሁት መሆኔን ብቻ እግረ መንገዴን ላስታውስ። ፊርማ አያስነጥስም።

አለቃዬ ፌስታሉን አይተው «ከደንበኛ ስጦታ መቀበል ክልክል መሆኑን ታውቃለህ?» እያሉ ቀረቡ፤ ምንነቱንም ለማጣራት ቋጠሮውን ፈትተው አሸተቱት። ሦስት ጊዜ በተከታታይ አስነጠሳቸው። ሰልፉ እንደ ትናንቱ አፈገፈገ፤ እማማም እንደ ትናንቱ ሳይነቃነቁ «ይማርዎት ጌታዬ» አሏቸው። አለቃዬ ዓይናቸውን እየጠረጉ «ያኑርዎት» ካሉ በኋላ ስለ ክልከላው ዳግመኛ አላነሱም፤ እንዲያውም ምሳ ሰዓት ላይ በርበሬውን እኩል ተካፈልን። ጉድለቱን ግን አልተካፈልንም።