ቮልስ በ1 ለ 24፦ አዳማ ላይ ቀለም ሲቀባ

የድሮ መኪና ሞዴል መሥራት ለመጀመር ከቮልስ የተሻለ የለም። ክፍሎቹ ብዙ አይደሉም፣ በ1 ለ 24፣ ማለትም ከእውነተኛው 24 ጊዜ አንሶ ሲሠራ ልኬቱም ይመቻል። የእውነተኛው ቮልስ የፊትና የኋላ ጎማ ከመሃል እስከ መሃል 2.40 ሜትር ይራራቃል፤ ለ24 ሲካፈል ልክ 10 ሴንቲሜትር ነው። ወርዱ 1.54 ሜትር ስለሆነ ሞዴሉ 64 ሚሊሜትር ይሰፋል። በማስመሪያ ብቻ ሥራችሁን መቆጣጠር ትችላላችሁ ማለት ነው።

የጃፓኑ ሞዴል አምራች ታሚያ የ1966ቱን ቮልስዋገን 1300 በዚህ መጠን፣ ተገጣጣሚ ኪት አድርጎ ሠርቶታል። ከውጭ በሚመጣ ሰው ካስመጣችሁት አንድ ነገር አስቀድማችሁ ንገሩት፦ ስፕሬይ ቀለምና የሞዴል ሙጫ ተቀጣጣይ ስለሆኑ አውሮፕላን ላይ በሻንጣ አይጫኑም። ስለዚህ ቀለሙ የሚገኘው እዚሁ፣ የመኪና ቀለም ከሚቀላቅሉት ዘንድ ነው። ለአንድ ሞዴል 50 ሚሊሊትር ይበቃል፣ ይተርፋልም።

የጋራዥ ቀለም ግን ለላሜራ እንጂ ለፕላስቲክ አልተሠራም። ኃይለኛ ቲነር የኪቱን ፕላስቲክ ይበላዋል፤ ላዩ ይሰነጣጠቃል፣ ቀጫጭን መስመሮች ይሟሟሉ። ክፍሎቹ ተያይዘው በሚመጡበት ፍሬም ላይ ሳትሞክሩ ቦዲው ላይ አትንፉ። ከሥር ከሚቀባው ቀለም፣ ከፕራይመሩ ጀምሮ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች ቀለል ያሉ፣ ፕላስቲኩ ላይ ሳያርፉ የሚደርቁ እስኪመስሉ ድረስ ጭጋግ ይሁኑ። ባለ ሁለት ውህድ ቬርኒሽ የምትጠቀሙ ከሆነ ማጠንከሪያው ውስጥ ያለው አይሶሳይኔት ሳንባ ይጎዳል። የጨርቅ ማስክ አያስጥልም፤ ትክክለኛ ፊልተር ያለው መተንፈሻ ከሌላችሁ ይቅርባችሁ።

ከቀለም በፊት ቦዲውን በለብ ያለ ውሃና በዕቃ ሳሙና እጠቡት፤ ከቅርጽ ማውጫው የቀረ ቅባት ካለ ቀለሙ ዓይን ዓይን እየሠራ ይሸሻል። ከፓራፋንጎውና ከጣሪያው ጠርዝ ላይ ያለውን፣ ቅርጽ ማውጫው የተወውን መስመር በ600፣ ቀጥሎ በ1000 ብርጭቆ ወረቀት አጥፉት። ወረቀቱን በጣታችሁ ሳይሆን በስፖንጅ ቁራጭ ላይ ጠቅልላችሁ ያዙት፤ የቮልስ ጣሪያ ጠፍጣፋ ቦታ ካበጀ ቀለም አይደብቀውም፣ ያጎላዋል። ክፍተት ካለ የጋራዥ ስቱኮ ሻካራ ነው። ትንሽ ሱፐር ግሉ አድርጋችሁ ቤኪንግ ሶዳ ነስንሱበት፤ ወዲያው ይጠነክራል። ካደረ ግን ከፕላስቲኩ በላይ ስለሚጠጥር በዚያው ሰዓት ሞርዱት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሞዴልን አሻንጉሊት የሚያስመስለው የቀለም ውፍረት ነው። በ1 ለ 24 ላይ 0.1 ሚሊሜትር የሚወፍር ቀለም በእውነተኛው መኪና ቢሰላ 2.4 ሚሊሜትር ይሆናል። የበሩ መስመር ይሞላል፣ የኮፈኑ ጠርዝ ይደበዝዛል፣ ከዚያ በኋላ የሚለጠፍ ምንም ጌጥ አያድነውም። ለኤርብራሽ፣ ማለትም ቀለም በአየር ግፊት ለሚነፋው ትንሽ መርጫ፣ ቀለሙን እንደ ወተት እስኪቀጥን በቲነር አቅጥኑት፤ ብዙ ጊዜ አንድ እጅ ቀለም ለሁለት እጅ ቲነር ነው። ግፊቱ ከ1 እስከ 1.5 ባር፣ ርቀቱ ከ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር።

አዳማ ላይ ደግሞ ነፋስና ሙቀት አለ። ከከተማው ወጣ ብሎ ያሉት የነፋስ ተርባይኖች ያለ ምክንያት አልተተከሉም። ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ ከነፋችሁ ጠብታው ቦዲው ላይ ሳይደርስ አየር ላይ ይደርቅና ላዩ እንደ አሸዋ ይሻክራል፣ አቧራውም በላዩ ይጣበቃል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ በር ተዘግቶ፣ ወለሉ ላይ ውሃ ተርከፍክፎ ይሠራ። በር መዝጋት ግን ያለ መተንፈሻ መሥራት አይደለም፤ ነፍታችሁ እንደጨረሳችሁ ከክፍሉ ውጡ። ሙቀቱ ከጠና ከተራው ቲነር ይልቅ ቀስ ብሎ የሚደርቀውን ጠይቁ፤ ቀለም ቀቢዎቹ ያውቁታል። በክረምት ችግሩ ይገለበጣል። ቲነሩ ሲተን ላዩን ስለሚያቀዘቅዘው ከእርጥቡ አየር ውሃ ይይዝና ቀለሙ ወተት ይመስላል። ሐምሌ ዝናብ እየጣለ ከሆነ ቀኑን እለፉት።

በዙሮቹ መካከል 15 ደቂቃ ይበቃል። የተቀባውን ቦዲ በታጠበ ሳፋ ድፈኑት፤ ሳፋውን በአንድ ጎን በስቴኪኒ ከፍ አድርጉት፣ ትነቱ መውጫ ይፈልጋል። ፀሐይ ላይ አታስጡት፣ ፕላስቲኩ ይጣመማል። ከሁለት ቀን በኋላ በ2000 ወረቀትና በሳሙና ውሃ ለስላሳ አድርጉት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያበላሸው የኮፈኑን መሃል ነው፦ ከፍ ብሎ የሚወርደው መስመር ላይ ቀለሙ ስስ ስለሆነ ሁለት ጊዜ ብትፈትጉት ፕራይመሩ ይወጣል። መስመሩን በቀጭን ማስኪንግ ቴፕ ሸፍናችሁ ግራና ቀኙን ሥሩ፤ ቴፑን አንስታችሁ መስመሩን በማለስለሻው ቅባት፣ በኮምፓውንድ ብቻ ጥረጉት።

የበሮቹን መስመር ለማጉላት ጥቁር ቀለም አታፍስሱበት። ነጭ ቮልስ ላይ ጥቁር መስመር የተሣለ እንጂ የሚከፈት በር አይመስልም፤ ግራጫ ወይም ቡናማ ይሻላል።

በጎንና በኮፈኑ ላይ የሚሄደውን የሚያብረቀርቅ ጌጥ በብር ቀለም ከመሣል የማዕድ ቤት ፎይል ይበልጣል። ጌጡ ላይ ቬርኒሽ በቀጭኑ ቀብታችሁ ሊደርቅ ሲል፣ ገና ጣት ሲይዝ፣ ፎይሉን አሳርፉ። በእንጨት ስቴኪኒ እያሻሻችሁ ቅርጹን ካስያዛችሁት በኋላ በአዲስ ምላጭ ጠርዙን ቁረጡ። አዲስ ያልኩት ለጨዋታ አይደለም፤ የደነዘ ምላጭ ፎይሉን ይቀደዋል፣ ቀለሙንም ይፍቀዋል።

የሞተሩ ክፍል የሚከፈት ከሆነ የካንዴላ ገመዶቹን ጨምሩ። የእውነተኛው ገመድ 7 ሚሊሜትር ገደማ ይወፍራል፤ ከአሮጌ ትንሽ ሞተር የተፈታ 0.3 ሚሊሜትር ሽቦ ጥቁር ሲቀባ ልኩ ነው። የቮልስ እሳት ተራ፣ ማለትም ሲሊንደሮቹ እሳት የሚያገኙበት ቅደም ተከተል፣ 1-4-3-2 ነው። ሲሊንደር 1 እና 2 በቀኝ፣ 3 እና 4 በግራ ናቸው፤ ቀኝና ግራውም ሾፌሩ ወደፊት ሲያይ ያለው ነው። ከኋላ ቆሞ ሞተሩን ለሚያይም ያው ነው፤ ፊቱ ወደ መኪናው ፊት ስለሆነ አይገለበጥም።

መስታወቶቹን በሱፐር ግሉ አትለጥፉ፣ ትነቱ ነጭ ጉም ያለብሳቸዋል። የእንጨት ሠራተኞች ነጭ ኮላ በስቴኪኒ ጫፍ ይበቃል፤ ሲደርቅ አይታይም፣ ከተሳሳታችሁም በውሃ ይለቃል።

ታርጋው የቀረ ሥራ ነው። የአገራችን ይሁን ካላችሁ የቆመ መኪና ታርጋ በሜትር ለክታችሁ ለ24 አካፍሉና ኮምፒውተር ላይ አዘጋጁት፤ ቁጥሩን ግን የራሳችሁን ፈጥራችሁ እንጂ የሰው አትገልብጡ። በነባሩ ታርጋ ኮድ 2 ከሆነ ጽሑፉ ሰማያዊ፣ ኮድ 3 ከሆነ አረንጓዴ ነው። ፎቶ ቤት በፎቶ ወረቀት ካሳተማችሁት በኋላ ጀርባውን ላጡና አሳሱት፤ ያለዚያ ከፓራውልቱ በላይ ጣውላ የተለጠፈ ይመስላል። የተቆረጠው ጠርዝ ነጭ ሆኖ እንዳይታይ ከመለጠፋችሁ በፊት ዙሪያውን በእርሳስ አስኪዱት።