132 ባይት በስልክ መስመር

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ከኤክስሞደም ጋር ዋልኩ፤ ቀላልነቱ አሁንም ያስደንቀኛል። ዋርድ ክሪስቴንሰን እ.ኤ.አ. በ1977 የሠራው የፋይል መላላኪያ ዘዴ ነው። በዓመቱ ቺካጎ በበረዶ በተዘጋችበት ሰሞን ከራንዲ ሱስ ጋር ሐሳቡን አፍልቀው፣ ፌብሩዋሪ 16 ቀን 1978 የመጀመሪያውን በስልክ የሚደወልለት የመልእክት ሰሌዳ ከፈቱ፤ ሲቢቢኤስ ይባላል። መስመሩ አንድ ብቻ ስለነበር አንዱ እስኪዘጋ ሌላው ይጠብቃል።

አሠራሩን ጠጋ ብላችሁ እዩት። ፋይሉ በ128 ባይት ይቆራረጣል። ከፊቱ የመነሻ ምልክት፣ የቁራጩ ቁጥርና የዚያው ቁጥር ተገላቢጦሽ (ከ255 ሲቀነስ የሚቀረው) ይገባሉ፤ ከኋላው ደግሞ የ128ቱ ባይቶች ድምር፣ በአንድ ባይት ብቻ ተይዞ። በጠቅላላው 132። ተቀባዩም ራሱ ይደምራል፤ ከገጠመ "ደረሰኝ"፣ ካልገጠመ "ድገም" ይላል። በሰከንድ 300 ቢት በሚያሳልፍ ሞደም (ኮምፒውተሩን ከስልክ መስመር የሚያገናኘው መሣሪያ) በሰከንድ የሚያልፈው 30 ፊደል ወይም ባይት ስለሆነ አንዱ ቁራጭ 4.4 ሰከንድ ይፈጃል። 10 ኪሎባይት ማለት 80 ቁራጭ ነው፤ ምንም ሳይበላሽ 6 ደቂቃ ገደማ! የስልኩ እጀታ የሞደሙ ጎማ ላይ በደንብ ካልተቀመጠማ የክፍሉ ጫጫታ ሁሉ ይገባል፣ ድግግሞሹም ይበዛል።

ድክመቱ ድምሩ ላይ ነው። አንዱ ባይት በ1 ጨምሮ ሌላው በ1 ቢቀንስ ድምሩ ያው ስለሆነ ስህተቱ ሾልኮ ያልፋል። ኋላ ላይ ሲአርሲ የተባለው ጠንከር ያለ የስህተት መፈተሻ የተጨመረው ለዚህ ነው።

ሌላው ጣጣ የመጨረሻው ቁራጭ ነው። 128 ካልሞላ ቀሪው በመሙያ ባይት ይደፈናል፤ ስለዚህ የደረሰው ፋይል ከተላከው ሊረዝም ይችላል። መጠኑ አልገጠመም ብላችሁ አትጣሉት።